ባቡር ለማየት ጥሩ ቦታ እንዴት ይገኛል?

ለብዙዎቻችን ባቡር ማየት የአጋጣሚ ነገር ነው። መንገዱ ላይ መዝጊያው ይወርዳል፣ መኪናችንን እናቆማለን፣ ልጆች ከኋላ ሆነው ፉርጎ ይቆጥራሉ፣ መዝጊያው ሲነሳ ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። ባቡር ለማየት ብቻ ብለው ወንበርና ቡና ይዘው ከቤት የሚወጡ ሰዎች እንዳሉ ስንሰማ ግር ይለናል። አሉ። አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመንና ጃፓን ውስጥ ደግሞ በጣም ብዙ ናቸው።

ልጆቻቸውን የባቡር ፍቅር የያዛቸው ወላጆች "የት ወስደን እናሳያቸው?" ሲሉ እሰማለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት መልስ "ሐዲድ አጠገብ ሂዱ" የሚል ነው። ይሄ መልስ ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ሐዲድ ባለበት ሁሉ ባቡር አያልፍም። ሁለተኛ፣ ሐዲድ ሥር መቆም አደገኛ ነው፤ በአብዛኛው ቦታም ሕገ ወጥ ነው። ስለዚህ ቦታ እንዴት እንደሚመረጥ ከሥሩ እንየው። ምሳሌዎቹን በብዛት የወሰድኩት ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰዎቹ የሚያዩት ምኑን ነው?

ሁሉም አንድ ነገር አያይም። አንዱ የሎኮሞቲቭ ቁጥር ይመዘግባል። ሎኮሞቲቭ የምንለው ሞተር ያለውን፣ ባቡሩን የሚጎትተውን ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ጎኑ ላይ ተጽፎበታል። ሌላው ፎቶ ያነሳል። ሌላው ድምፅ ይቀዳል። ምንም ሳይመዘግብ ቁጭ ብሎ የሚያይም ሞልቷል።

ቁጥር መመዝገብ በእንግሊዝ አገር የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ነው። በ1942 ኢያን አላን የሚባል ወጣት የባቡር ኩባንያ ሠራተኛ የኩባንያውን ሎኮሞቲቮች ዝርዝር በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ልጆች መጽሐፏን ይዘው ከጣቢያ ጣቢያ እየዞሩ ባዩት ቁጥር ሥር ማስመር ጀመሩ።

ቦታውን የሚወስነው ማየት የምትፈልጉት ነገር ነው። ፍጥነት ከሆነ ፈጣን የመንገደኞች ባቡር የሚያልፍበት ጣቢያ ይሻላል። የሞተሩን ጉልበት ማየትና መስማት ከሆነ ዳገት ያለበት መስመር ነው። ብዛት ከሆነ መስመሮች የሚጋጠሙበት ቦታ። የምትወስዱት የ3 ዓመት ልጅ ከሆነ ደግሞ ሽንት ቤትና ጥላ በቅርብ ያለበት ቦታ ከሁሉም ይቀድማል።

ሐዲድ ካለ ባቡር አለ ማለት አይደለም እንዴ?

አይደለም። በቀን በርካታ ባቡር የሚያልፍበት ዋና መስመር አለ። በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ፋብሪካ ዕቃ የሚያደርስ ቅርንጫፍም አለ። ሁለቱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ልዩነቱን ሐዲዱ ራሱ ይናገራል። ከሕጋዊ መሻገሪያ ላይ ሆናችሁ የሐዲዱን የላይኛውን ገጽ ተመልከቱ። ጎማ የሚያርፍበት ቦታ እንደ ብር ካብረቀረቀ ባቡር በየጊዜው ያልፍበታል። ዝገት ከለበሰና በሣር ከተዋጠ ቀኑን ሙሉ ብትቆሙ ምንም ላታዩ ትችላላችሁ። ሁለት ሐዲድ ጎን ለጎን ከተዘረጋ ያም ምልክት ነው። ብዙ ባቡር ለሌለበት መስመር ድርብ ሐዲድ የሚያነጥፍ ኩባንያ የለም።

ዋናው ቁም ነገር ግን መስመሮች የት እንደሚገናኙ ማወቅ ነው። ሰፈር ውስጥ ቆሞ ታክሲ መጠበቅና መገናኛ ሄዶ መጠበቅ አንድ አይደለም። መገናኛ ላይ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሁሉ ይደርሳል። ባቡርም እንደዚያው ነው፤ ሁለት ዋና መስመሮች ተጋጥመው አንድ የሚሆኑበት ቦታ የሁለቱንም ባቡሮች ያሳያችኋል።

መጋጠሚያውን የሚፈጥረው ብዙ ጊዜ መልክዓ ምድሩ ነው። ባቡር ቁልቁለትና ዳገት አይወድም፤ ስለዚህ ተራራ ሲገጥመው ወንዝ የሰነጠቀውን ክፍተት ይፈልጋል። ክፍተቱ ጠባብ ከሆነ ሁሉም መስመር እዚያ ይጨናነቃል። ይህንን ለማየት ባለ ሙያ መሆን አያስፈልግም። ኦፕን ሬልዌይ ማፕ የሚባል ነፃ ካርታ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ የዓለምን ሐዲድ በቀለም ለይቶ ያሳያል። ከፍታችሁ መስመሮች የሚሰበሰቡበትን ነጥብ ፈልጉ። ከዚያ ያንኑ ቦታ በሳተላይት ካርታ አይታችሁ አጠገቡ ፓርክ፣ ጣቢያ ወይም የእግረኛ ድልድይ መኖሩን አረጋግጡ። ፍለጋው ግማሹ እዚህ ላይ ያልቃል።

ባቡሩ መቼ እንደሚመጣስ?

የመንገደኞች ባቡር ፕሮግራም አለው። አምትራክ የሚባለው የአሜሪካ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት ባቡሮቹ በዚያች ሰዓት የት እንደደረሱ በድረ ገጹ ካርታ ላይ ያሳያል። ችግሩ የጭነት ባቡር ነው። ለሕዝብ የሚወጣ ፕሮግራም የለውም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ሊመጣ ይችላል፤ ለአራት ሰዓት ድምፁ ሊጠፋም ይችላል። ግን ጨርሶ ጨለማ ውስጥ አይደላችሁም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ጥሩ መንገድ አለ። አሜሪካ ውስጥ መኪና መንገድና ሐዲድ በሚሻገሩበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ሰማያዊ ሰሌዳ አለች። ላይዋ ላይ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ 6 አኃዝና መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ያለው የመሻገሪያ ቁጥር ተጽፏል። የሰሌዳዋ ዋና ሥራ ሕይወት ማዳን ነው። መኪና ሐዲድ ላይ ቢቆምባችሁ ወዲያው ወርዳችሁ ከሐዲዱ ራቁ፣ ከዚያ በዚያ ስልክ ደውሉና ቁጥሩን ንገሯቸው፤ ባቡሩን ያስቆማሉ። ይህን ለልጆቻችሁም አስተምሩ። ቁጥሩ ግን ሌላም ጥቅም አለው። የፌዴራሉ የባቡር አስተዳደር የእያንዳንዱን መሻገሪያ መረጃ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል። ቁጥሩን አስገብታችሁ ስትፈልጉ መስመሩ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ፣ በቀንና በሌሊት ስንት ባቡር እንደሚያልፍ፣ ፍጥነቱም እስከ ስንት እንደሚደርስ ተጽፎ ታገኛላችሁ። አንዳንዱ አኃዝ የቆየ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም በሳምንት አንድ ባቡር ያለበትን መስመር በቀን 20 ካለበት ለመለየት ይበቃል።

ጠለቅ ያሉት ደግሞ ሬዲዮ ይሰማሉ። የአሜሪካ ባቡሮች ከ160 እስከ 161.6 ሜጋኸርዝ ገደማ ባለው ሞገድ ይነጋገራሉ። ስካነር የሚባለው መቀበያ ንግግሩን ያሰማል። ሐዲዱ ዳር በየተወሰነ ርቀት የተተከሉ መሣሪያዎችም አሉ። ባቡሩ ሲያልፍ የጎማው ማቀፊያ መጋሉንና ሌላ ብልሽት መኖሩን ይለኩና ውጤቱን በተቀዳ ድምፅ በሬዲዮ ይናገራሉ። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ባቡር እየመጣ እንደሆነ ያውቃል። ስካነር ከመግዛታችሁ በፊት ግን የግዛታችሁን ሕግ እዩ፤ መኪና ውስጥ መጠቀምን የሚገድቡ ግዛቶች አሉ።

ምንም መሣሪያ ለሌለው ሰው መብራቱ አለ። መስመሩ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ባቡር ካለ ወደዚያ የሚያስገባው መብራት ቀይ ይሆናል። ስለዚህ ቀይ ሆኖ የቆየ መብራት ድንገት ወደ አረንጓዴ ከተለወጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ መብራቱን ፊት ለፊት እያየ ለሚመጣ ባቡር መንገድ ተከፍቷል ማለት ነው። ካሜራችሁን ያን ጊዜ አዘጋጁ። ቀጥሎ ጡሩምባው ይሰማል። በ2005 በወጣው የፌዴራል ደንብ መሠረት ነጂው መሻገሪያ ከመድረሱ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ አስቀድሞ መንፋት አለበት። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም። ልጆች ይህን ዜማ በአንድ ቀን ይለምዱታል። ጡሩምባ የተከለከለባቸው ጸጥተኛ ሰፈሮች እንዳሉ ግን አትርሱ፤ ጡሩምባ አልሰማሁም ማለት ባቡር የለም ማለት አይደለም።

ዲሲ አካባቢ ላለነው የት ይሻላል?

ከቤት ሳንርቅ እንጀምር። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ሰዎች በየቀኑ የምትረግጡት የሜትሮ መሳፈሪያ ጥሩ ማያ ነው። ከፍ ብሎ የተሠራ ነው፤ የሜትሮው ቀይ መስመርና የሲኤስኤክስ ኩባንያ የጭነት ሐዲድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በዚያው ሐዲድ ማርክ የሚባለው የሜሪላንድ የሠራተኛ ባቡርና አምትራክም ያልፋሉ። የሜትሮ ትኬት ከፍሎ አንድ ሰዓት መቀመጥ ነው። ክረምትም ቢሆን ጣሪያ አለው።

አሌክሳንድሪያም እንደዚያው ነው። የኪንግ ስትሪት ሜትሮ መሳፈሪያ ከፍታ ላይ ሲሆን አጠገቡ በ1905 የተከፈተው የባቡር ጣቢያ አለ። ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ የሚሄደው አምትራክ፣ የቨርጂኒያው የሠራተኛ ባቡርና ጭነት ሁሉ በዚያ በኩል ነው። ጠዋትና ማታ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብትሄዱ ብዙ አትጠብቁም።

ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ወደ ኦደንተን ይሂድ። ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር በሚወስደው መስመር ላይ ያለ የማርክ ጣቢያ ነው። የአምትራክ ባቡሮች እዚያ አይቆሙም። አሴላ የሚባለው ፈጣን ባቡር በዚህ መስመር ላይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። ከሩቅ መብራቱ ይታያል፣ ገና ቅርብ አይመስልም፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ አልፎ ይሄዳል። ንፋሱ ኮፍያ ይወስዳል። ልጅ ካለ እጁ መያዝ አለበት፤ ከቢጫው መስመርም ራቅ ብሎ ግድግዳው ዘንድ መቆም ያስፈልጋል።

ሎርተን፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ልዩ ነገር አላት። አውቶ ትሬን የሚባለው ባቡር ሰዎችን ከነመኪናቸው ጭኖ ወደ ፍሎሪዳ የሚነሳው ከዚህ ነው። 855 ማይል ይጓዛል። የመንገደኛ ሠረገላና መኪና የጫነ ፉርጎ ተቀጣጥለው ከ40 ሊበልጡ ስለሚችሉ ርዝመቱ ከሌሎቹ የአምትራክ ባቡሮች ጋር አይወዳደርም። ዋናው ጥቅሙ ግን የሚነሳበት ሰዓት መታወቁ ነው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ስለሚነሳ ከሥራ በኋላ ልጅ ይዞ ለመሄድ ይመቻል።

ከዚህ አካባቢ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ፖይንት ኦፍ ሮክስን እመርጣለሁ። ፍሬደሪክ ካውንቲ ውስጥ፣ ፖቶማክ ወንዝ ካቶክቲን ተራራን ሰንጥቆ በሚወጣበት ቦታ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ክፍተቱ እጅግ ጠባብ ስለነበር በ1820ዎቹ መጨረሻ የካናል (ሰው ሠራሽ የውሃ መንገድ) ኩባንያና ቢ ኤንድ ኦ የተባለው የባቡር ኩባንያ "እኔ ልለፍበት" ተባብለው ፍርድ ቤት ቆሙ። በ1832 ለካናሉ ተፈረደ። በኋላ ተስማምተው ጎን ለጎን አለፉ። ዛሬም ብትሄዱ ወንዙን፣ ካናሉንና ሐዲዱን ተደርድረው ታዩአቸዋላችሁ። ከላይ ያልኩት ሁሉ እዚህ አንድ ቦታ ተሰብስቧል። ከዋሽንግተን የሚመጣው መስመርና ከባልቲሞር የሚመጣው አሮጌው መስመር እዚህ ይጋጠማሉ፤ ከዚያ አንድ ሆነው ወደ ምዕራብ ይቀጥላሉ።

የጣቢያው ሕንፃ በሁለቱ መስመሮች መካከል፣ ልክ ማዕዘኑ ላይ ቆሟል። በ1870ዎቹ ፍራንሲስ ባልድዊን በተባለ አርክቴክት የተነደፈ፣ ሹል ጣሪያና ማማ ያለው የቀይ ጡብ ሥራ ነው። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው ጡቡ ይቀላል። ባቡር ከየትኛው ወገን እንደሚመጣ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ሁለቱንም ኩርባ እያፈራረቁ ማየት ነው። ከባድ የጭነት ባቡር ከወደ ባልቲሞር ሲመጣ መጀመሪያ የጎማው ፍጭት ይሰማል፤ ኩርባ ላይ ብረት ከብረት ሲሻሽ የሚወጣ ቀጭን ጩኸት ነው። ከዚያ ሦስት መብራት ይታያል፤ አንዱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች ግራና ቀኝ። ሎኮሞቲቩ አለፈ ብላችሁ ጨረሰ እንዳትሉ። ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ተደርቦ፣ ነዳጅ የሚጭኑ ክብ ፉርጎዎች፣ መኪና የሚጭኑ ዝግ ፉርጎዎች፣ አንድ በአንድ ያልፋሉ። አንዳንዱ ባቡር ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል።

ማርክ ወደዚህ የሚመጣው በሥራ ቀናት ብቻ ነው፤ ጠዋት ወደ ዋሽንግተን፣ ከሰዓት በኋላ ከዋሽንግተን። ቅዳሜና እሁድ የመኪና ማቆሚያው ባዶ ይሆናል፣ የጭነት ባቡሩ ግን ሰንበት አያውቅም። ምሳ ይዛችሁ ሂዱ። ባቡር ሲጠፋ ካናሉ ዳር ልጆች የሚሮጡበት መንገድ አለ።

ከዚያ ትንሽ ወደ ምዕራብ ሲነዳ ሐርፐርስ ፌሪ ይደረሳል። ፖቶማክና ሸናንዶዋ የሚገናኙበት፣ ጆን ብራውን በ1859 ባርነትን ለማጥፋት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱን የያዘበት ታሪካዊ ከተማ ነው። ለባቡር ተመልካች ዋናው ነገር የእግረኛው ድልድይ ነው። ከባቡር ድልድዩ ጋር ተያይዞ ወንዙን ይሻገራል። ባቡሩ ከተራራው ዋሻ ወጥቶ ወዲያው ድልድዩ ላይ ይወጣል፤ አንተ በአጥር ተለይተህ በሕጋዊ መንገድ ላይ ቆመህ ታየዋለህ። ይህን ያህል ቅርበትና ይህን ያህል ደኅንነት አንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ ጥቂት ነው። አደጋ ፈጽሞ የለም ማለት ግን አይደለም። በታኅሣሥ 2019 የጭነት ባቡር እዚያው ላይ ከሐዲድ ወጥቶ ፉርጎዎች ወንዝ ገቡ፤ የእግረኛው መንገድም ተጎድቶ ለወራት ተዘግቶ በ2020 አጋማሽ ተከፈተ። ጉልበት ያለው ሰው ከማዶ ያለውን የሜሪላንድ ሃይትስ ዳገት ይውጣ። ከላይ ሲታይ ከተማው፣ ሁለቱ ወንዞችና ከዋሻው የሚወጣው ባቡር በአንድ ፎቶ ይገባሉ።

ወደ ደቡብ ለሚሄድ ሰው ሪችመንድ ሳይደርስ አሽላንድ አለች። ሁለት ሐዲድ በከተማዋ ዋና መንገድ መሃል ያልፋል፤ ግራና ቀኙ ቤትና ሱቅ ነው። አይስክሬም ይዞ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት ይቻላል።

ራቅ ብሎ መሄድ ለሚችልስ?

ፔንሲልቬኒያ፣ አልቱና ከተማ አጠገብ ሆርስሹ ከርቭ አለ፤ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ኩርባ ነው። በ1854 ተከፈተ። ተራራው በቀጥታ ሊወጣ የማይችል ስለነበር መሐንዲሶቹ ሐዲዱን በሸለቆው ዙሪያ አጥፈው ዳገቱን አለዘቡት። ፓርኩ ኩርባው ውስጥ ነው። ረጅም ባቡር ሲያልፍ ፊቱን በአንድ ወገን፣ ጅራቱን በሌላው ወገን ታያላችሁ፤ ከኋላ ተጨማሪ ሎኮሞቲቭ እየገፋው ሲወጣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል።

ካሊፎርኒያ ላላችሁ የቴሃቻፒ ጥምዝ አለ፤ በ1876 ያለቀ ነው። ሐዲዱ ክብ ሠርቶ ከራሱ በላይ ያልፋል። ባቡሩ በቂ ርዝመት ካለው የራሱ ሎኮሞቲቭ በራሱ ፉርጎዎች ላይ ሲሻገር ይታያል። ኢሊኖይ፣ ሮሼል ከተማ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች መስመሮቻቸው የሚቋረጡበት ቦታ ላይ ለተመልካች ብቻ የተሠራ መናፈሻ አላት። ጆርጂያም ውስጥ፣ ፍሎሪዳ ድንበር አጠገብ ፎክስተን አለች፤ ወደ ፍሎሪዳ የሚወርዱ ሁለት መስመሮች ተገናኝተው አንድ የሚሆኑት እዚህ ነው። ከተማው ጣሪያ ያለው መቀመጫ ሠርቶ፣ የባቡሩን ሬዲዮ የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ሰዎችን ያስተናግዳል።

ምን ያህል ልጠጋ?

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ባቡሩ ከሐዲዱ በግራና በቀኝ አንድ ሜትር ያህል ወጣ ይላል፤ የታሰረ ሰንሰለት ወይም የተፈታ ገመድ ደግሞ ከዚያም አልፎ ሊወጣ ይችላል። መቶ ፉርጎ የሚጎትት ባቡር በሰዓት 55 ማይል እየሄደ ፍሬን ቢይዝ ለመቆም አንድ ማይልና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ነጂው ቢያያችሁም ሊያድናችሁ አይችልም። ዓይናችንም ያታልለናል። ትልቅ ነገር ከሩቅ ሲመጣ ቀስ ያለ ይመስላል። ድምፁም ቢሆን ከፊት ለፊት ለቆመ ሰው የሚገርም ያህል ትንሽ ነው።

ሐዲዱና ግራ ቀኙ ያለው ጠጠር የባቡር ኩባንያው የግል ንብረት ነው። ሐዲድ ላይ መራመድ፣ ሐዲድ ላይ ተቀምጦ ፎቶ መነሳት፣ የባቡር ድልድይ ላይ መውጣት ሕገ ወጥ ነው፤ በየዓመቱም ሰው ይሞትበታል። ለምረቃ ወይም ለሠርግ ፎቶ ሐዲድ ላይ የሚቆሙ ልጆቻችንን ብናስቆም መልካም ነው። ከሐዲዱ ቢያንስ 15 ጫማ፣ ማለትም አምስት ሜትር ያህል መራቅ ትንሹ ልክ ነው። እኔ ከዚያም በላይ እመክራለሁ፤ ምክንያቱ ደኅንነት ብቻ አይደለም። ሐዲዱ ሥር የቆመ ሰው የሚያየው የሚሮጥ የብረት ግድግዳ ነው። 30 ሜትር ራቅ ያለ ሰው ግን ባቡሩን ሙሉውን ያያል።

ሁለት ሐዲድ ባለበት አንዱ ባቡር ስላለፈ አትሻገሩ። ሁለተኛው ከኋላው ተደብቆ ከወዲያ ሊመጣ ይችላል።

ፎቶ ለማንሳትስ?

ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን። አሜሪካ ውስጥ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መስመር ከደቡብ ጎኑ ቢነሳ ይሻላል። አዲስ አበባ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ስሌቱ ይገለበጣል። የኩርባ ውጭና ውስጥም ይለያያል። ከኩርባው ውስጥ ሆኖ ያነሳ ሰው ሎኮሞቲቩንም ጅራቱንም ያገኛል። ፍላሽ ግን በፍጹም አታብሩ፤ የነጂውን ዓይን ያጭበረብራል።

ፖሊስ ቢጠይቀኝስ?

ይህን ጥያቄ ከሐበሻ ወዳጆች ደጋግሜ እሰማዋለሁ፤ ተገቢም ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሕዝብ ቦታ ላይ ሆኖ የሚታየውን ባቡር ፎቶ ማንሳት ሕጋዊ ነው። በመሳፈሪያዎች ላይ ግን የየድርጅቱ ደንብ አለ። ባለ እግር ማቆሚያ ካሜራ ብዙ ቦታ አይወደድም፤ በእጅ የተያዘ ካሜራና ስልክ ግን ችግር የለውም። ያም ሆኖ አንድ ጥቁር ሰው ካሜራ ይዞ ሐዲድ አጠገብ ሲቆይ የሚደውል ጎረቤት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ሰው የሚበዛበትን፣ ለተመልካች የተሠራውን ቦታ ምረጡ። ፖሊስ ከመጣ በእርጋታ "ባቡር እያየሁ ነው" ማለት ይበቃል። ይህን ልማድ የማያውቅ የአሜሪካ ፖሊስ ጥቂት ነው። ሂዱ ካላችሁ ሂዱ፤ ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆዩት።

አገር ቤትስ?

ያው መርህ ይሠራል። አዲስ አበባ ውስጥ በ2015 የተከፈተው ቀላል ባቡር ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ። ከልደታ እስከ ስታዲየም ድረስ ግን ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሜክሲኮ ወይም ለገሃር የቆመ ሰው የሁለቱንም መስመር ባቡሮች ያያል። ለገሃር የድሮው ጣቢያና የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም እዚያው ናቸው።

የጅቡቲው አዲስ መስመር በ2016 ተመረቀ፣ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ ጀመረ። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ድርብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነጠላ ይሆናል። ኮንቴይነር የሚራገፍበት ደረቅ ወደብ ደግሞ ሞጆ ነው። ካርታ የሚያነብ ሰው ስለዚህ ከቢሾፍቱ እስከ አዳማ ያለውን መንገድ ይመርጣል። መስመሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ከላይ ያለው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል። ምሰሶ ላይ መውጣትም ሆነ በረጅም ዘንግ መጠጋት ይገድላል።

ካሜራን በተመለከተ የአሜሪካውን ልማድ እዚህ ይዞ መምጣት አይቻልም። ጣቢያ፣ ድልድይና ሐዲድ ጥበቃ አላቸው፤ ሳያስፈቅዱ ማንሳት ጣጣ ያመጣል። ሐዲድ በ1902 የደረሰባት ድሬዳዋ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከዚራ ያለው የድሮው ጣቢያ ወርክሾፕ ውስጥ የፈረንሳዮቹ ዘመን ማሽኖችና ያረጁ ሎኮሞቲቮች አሉ። በር ላይ ያለውን ጥበቃ ጠይቃችሁ፣ ኃላፊው ፈቅዶ፣ የሚያስጎበኝ ሰው አብሯችሁ ይግባ። ከገባችሁ በኋላም ካሜራውን ከማውጣታችሁ በፊት የቱን ማንሳት እንደሚቻል እንደገና ጠይቁት።